ከሰሉ የሰጠኝ በቅሎ

ሚስቴን ያጨሁት በበቅሎ ጋጣ ውስጥ ተደብቄ ነው። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ለሳቅ ፋታ አልነበረኝም፤ በቅሎዋም እግሬን ረግጣኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው ሰቆጣ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ሰኔ ሊያልቅ ሲል ነው። ያኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ብዙም ያልቆየሁ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። የተወለድኩት ሸዋ ነው፤ ዋግን የማውቀው በካርታ ብቻ ነበር። ሰቆጣ ስደርስ አገሬው ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራኛል፤ ነገሩ ሲከርር ወይም ሲጣፍጥ ግን በኽምጣንጋ ይቀጥላል። የኔ ኽምጣንጋ ከሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ ዋናው ነገር ሲነገር ሁልጊዜ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የለሁም።

አስተማሪነቴን በተመለከተ ራሴን ትልቅ ሰው አደርግ ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ "ሄሞግሎቢን" ብዬ በትልቁ እጽፍና፣ "ደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ኦክስጅን ይሸከማል" እላለሁ፤ ተማሪው ይገለብጣል። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ "መምህር፣ እንዴት አድርጎ ነው የሚሸከመው?" አለችኝ። "በኬሚካላዊ ትስስር" አልኳት። አመስግና ተቀመጠች። የመለስኩላት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ትርንጎ እዚያው ትምህርት ቤት ለአንደኛ ክፍል ልጆች ፊደል ታስተምር ነበር። አንድ ዕረፍት ላይ ጠመኔ ልትበደረኝ መጣች። ጠመኔው ሳይመለስ በማግስቱ ሌላ ልትበደር መጣች። እኔም ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት ጠመኔ በኪሴ መያዝ ጀመርኩ። ከዚህ በላይ ዝርዝር አልገባም፤ ይህን ጽሑፍ እሷም ታነበዋለች።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። የኔታ ገብረ ሕይወት የቅኔ መምህር ናቸው። ቀይ ዳማ፣ ጺማቸው ነጭ፣ ቃል ከአፍዎ ሳይወጣ አየር ላይ የሚይዙ ሰው። ትርንጎን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሎች ከእኔ በፊት ነበሩ። የኔታ የመግቢያ ንግግራቸውን ይዘው ቃል በቃል ሲያፍታቷቸው፣ አንዱ ሽማግሌ ልጅቷን መጠየቁን ትቶ ስለ አሮጌ የድንበር ክርክር ይቅርታ ጠይቆ ወጣ ይባላል። አሁን ደግሞ ከዚያው ከዋግ፣ ከወደ ዝቋላ፣ ፍየሉ ተቆጥሮ የማያልቅ ሰው በቀጣዩ ሳምንት ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ መጣ። እናቷ እትዬ ስንዱ ፍየሉን ወደውታል። ክረምቱ ከገባ እኔም ቤተሰብ ለመጠየቅ ሸዋ መውረዴ ነው፤ ስመለስ ትርንጎ ዝቋላ ተድራ ላገኛት ነው። እና ቶሎ ብዬ ሦስት ሽማግሌ ለመንኩ።

ዋናው አያ ካሳ ናቸው። አያ ካሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ በበቅሎና በአህያ አሞሌ ጨው ከቆላ እየጫኑ ሰቆጣ ገበያ ያራገፉ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ሁለተኛው ቄስ ምስጋናው፣ ለስላሳ ሰው። ሦስተኛው አቶ ረዳ፣ ከትግራይ መጥተው ሰቆጣ የከረሙ፣ ሰው የማያምኑ ሽማግሌ። እሳቸውን የመረጥኳቸው ለክርክር ይሆናሉ ብዬ ነው።

ደንቡ እንደሚታወቀው፣ ሽማግሌ የላከ ሰው በዚያ ቀን በዚያ ቤት ደጃፍ አይታይም። ከታየ ነውር ነው፤ ነገሩም ይበላሻል። እኔ ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አቃተኝ። መላውን ያመጣችው ትርንጎ ናት። የበቅሎዋ ጋጣ ከእልፍኙ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ከግድግዳው አንድ ድንጋይ ወድቆ ጡጫ የምታህል ቀዳዳ ተከፍታለች። አባቷ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ በጓሮ አስገባችኝ።

"እንዳታስነጥስ" አለችኝ። "በቅሎዋን ደግሞ አትንካት፤ አባ ከእኛ አስበልጠው ነው የሚወዷት።"

እውነቷን ነው። የኔታ ለዚያች በቅሎ ከቤተሰቡ ቀድመው ነው ቁርስ የሚያቀርቡላት። እሷም ታውቀዋለች መሰለኝ፣ እንደ እመቤት ነው ያየችኝ።

ሽማግሎቹ መንገድ ላይ ሳሉ ዝናቡ በበረዶ ተቀላቅሎ ወረደ። ሲገቡ ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ በግድግዳው ይሰማኝ ነበር። እልፍኙ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ጣሪያውም አፈር የተደለደለበት ጠንካራ ቤት ነው። ከማድ ቤት እናትና ልጅ ከሰል የተሞሉ ሁለት ማንደጃዎች አምጥተው መሀል አስቀመጡላቸው፣ ጠላ ቀዱላቸውና ወጡ። ነፋሱ በረዶውን ወደ ውስጥ ሲያስገባው የኔታ በሩን አስዘጉ። ጎረቤት እንዳይሰማም መስኮቷን በአሮጌ አጎዛ ወተፏት። ለቤቱ የቀረችው አንዲት መተንፈሻ የእኔዋ ቀዳዳ ነበረች። እሷንም እኔ ጆሮዬን ለጥፌባታለሁ።

"ተቀመጡ እንጂ" አሉ የኔታ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አያ ካሳ፣ እንደ ወጉ።

"እንግዲያው ቆማችሁ ተናገሩ። እኔ ተቀምጬ እሰማለሁ።"

የአያ ካሳ ጉልበት እንደሚያማቸው መላው ሰቆጣ ያውቃል። ትንሽ ቆይቶ ሦስቱም ሲቀመጡ ሰማሁ።

"እኛ ልጅ አለን፤ እርስዎም ልጅ አለዎት" ብለው ጀመሩ አያ ካሳ።

"ልጅ አለን ያልከው የቱን ነው? የአንተ ሦስቱም አግብተዋል። አንደኛውማ ሁለቴ።"

"መምህሩን ማለቴ ነው። እንደ ልጃችን ነው።"

"ልጃችን ነው አልክ፤ አሁን ደግሞ እንደ ልጃችን አልክ። የትኛውን ነው የምትሰጡኝ?"

ግንባሬን ከግድግዳው ጋር አጋጨሁ። ቄስ ምስጋናው ሊያለዝቡ ገቡ። "የኔታ፣ ልጁ ጨዋ ነው። የሸዋ ሰው ነው። ሳይንስ ያስተምራል።"

"ሳይንስ ምንድን ነው?"

"እንግዲህ... የእግዚአብሔርን ሥራ መመርመር ነው።"

"ታዲያ መርምሮ ምን ጉድለት አገኘበት?"

በዚህ ዓይነት ብዙ ቆየን። ሽማግሎቼ አንድ ቃል ባወጡ ቁጥር የኔታ ያንኑ ቃል አጥበው፣ አስጥተው ይመልሱላቸዋል። አቶ ረዳ፣ ለክርክር የመጡት ሰውዬ፣ ጭራሽ የኔታን መደገፍ ጀመሩ። እኔ ተስፋ ቆርጬ የዝቋላን ፍየሎች በልቤ እየቆጠርኩ ነበር።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። የኔታ መልስ ለመስጠት መዘግየት ጀመሩ። ድምፃቸውም ላላ። "ሸዋም እኮ... አገር ነው" አሉና ሳቁ። የኔታ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። ከእሳቸው ጋር ቄስ ምስጋናውም ሳቁ። ቀጥለው አቶ ረዳ ሳቁ። ምን እንደሚያስቃቸው የሚነግረኝ ባገኝ ደስ ባለኝ።

"ካሳ" አሉ የኔታ፣ ቃሉን እየጎተቱ። "ምን ነበር ያልከኝ? ልጅቷን? ሰጥቻለሁ።"

በሕልሜ መሰለኝ።

"ሰጥቻለሁ" ደገሙት። "በቅሎዋንም ጨምሬ ሰጥቻለሁ።"

"የኔታ፣ በቅሎዋን አልጠየቅንም" አሉ አያ ካሳ፣ ደንግጠው።

"ዝም በል። ሰጥቻለሁ አልኩ። በቅሎም፣ ኮርቻም፣ ልጓምም።"

ከደስታ ብዛት የበቅሎዋን አንገት አቀፍኩ። እግሬን የረገጠችኝ ያኔ ነው። ሕመሙን ዋጥ አድርጌ ጆሮዬን መለስኩ። ውስጥ ግን ጨዋታው እየሞተ ነበር። "ራሴን" የሚል ሰማሁ፣ የማን እንደሆነ አልለየሁትም። "ጠላው ከበደኝ" አለ ሌላው። አንድ ዋንጫ ወድቆ ተንከባለለ። ቀጥሎ ከባድ ነገር ዘጭ ሲል ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

የኔም ራስ ከጆሮዬ ወገን ይወቅጠኝ ጀምሯል። ከበቅሎዋ ርግጫ ነው ስል፣ እግሬ ላይ የደረሰ ርግጫ ራሴን ለምን ያመኛል አልኩ። ያን ጊዜ ነው የከሰሉ ነገር ብልጭ ያለልኝ። ሁለት ማንደጃ ከሰል፣ የተዘጋ በር፣ የተወተፈ መስኮት። ከአንድ ወር በፊት ራሴ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ያስገለበጥኩት ነገር ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ። ቀለም የሌለው፣ ሽታ የሌለው፣ የሚገድል።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ አንድ እርምጃ ተራምጄ ቆምኩ። የኔታ ልጃቸውን ሰጥተውኛል። ሦስት ሽማግሌ ሰምቷል። አሁን እዚያ በር ላይ ብታይ፣ ጋጣ ውስጥ ተደብቄ ስሰማ እንደነበር ይታወቃል፤ የተሰጠኝም ይነጠቃል። ምናልባት ደክሟቸው ተኝተው ቢሆንስ? ይህን እያሰብኩ ሳለ እግሬ ቀድሞኝ በጓሮ ዞሮ በሩን በርግዶታል።

ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ቄስ ምስጋናው ግድግዳውን እያዩ ፈገግ ብለው ተቀምጠዋል። አቶ ረዳ አንዱን ጫማቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በፍቅር ያባብሉታል። አያ ካሳ በሩ ሥር ስለነበሩ ለመነሳት ይታገላሉ። የኔታ ማንደጃው አጠገብ በጎናቸው ወድቀዋል። ከንፈራቸው ቀልቷል፤ ፊታቸውም ሰርግ ቤት የዋለ ሰው ፊት ነው። ይሄ ነው ያስፈራኝ። የታፈነ ሰው እንዲህ አያምርበትም።

"ውጡ፣ ሁላችሁም ውጡ" እያልኩ የኔታን በብብታቸው ይዤ ጎተትኳቸው። ቀጭን ሰው ናቸው ብዬ ነበር፤ ሰው ራሱን ሲስት ግን የሚከብደው ክብደት ሌላ ነው። ግቢው መሀል ካፊያው ሥር አስተኛኋቸውና ተመልሼ ሌሎቹን አወጣሁ። ማንደጃዎቹን ወደ ጭቃው ወረወርኳቸው። ትርንጎና እናቷ ከማድ ቤት ሮጠው መጡ። እትዬ ስንዱ ባላቸውን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ቀሩ። ትርንጎ ጭቃው ላይ ተቀምጣ ያባቷን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች።

"አባ" አለች። "አባዬ።"

ትንፋሽ አላቸው፤ ግን አልነቁም። ደረታቸውን ከፍቼ፣ ከጎን አጋድሜ፣ ማድረግ ያለብኝን ሁሉ አደረግሁ። ከዚያ ወዲያ የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ ንጹሕ አየር እንዲሠራ መጠበቅ ብቻ። በሕይወቴ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። ስለ ጋብቻው አይደለም፤ እሱን ረስቼዋለሁ። አባቷ እጇ ላይ ቢሞቱ የዚያች ልጅ ፊት ምን እንደሚሆን እያየሁት ነበር።

የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። ሰማዩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

"ይሄ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?" አሉ።

እትዬ ስንዱ እልል ብለው አለቀሱ።

ሁሉም ካስመለሳቸውና ራሳቸውን በእጃቸው ይዘው ግንቡ ሥር ከተደረደሩ በኋላ ምርመራው ተጀመረ። አቶ ረዳ ጫማቸውን እንዳቀፉ ቀና አሉ።

"ጠላው ውስጥ አንድ ነገር አለ" አሉ። "እኔ የማውቀው የኔታ ገብረ ሕይወት በቅሎ አይሰጥም። ልጅ ይስጥ፤ በቅሎ ግን አይሰጥም። መስተፋቅር ነው ያጠጡን።"

"ማን ነው የሚያጠጣን?" አሉ ቄስ ምስጋናው።

አቶ ረዳ ትርንጎን አዩዋት። ሁሉም አዩዋት። ጠላውን ከእናቷ ጋር የቀዳችው እሷ ናት። አባቷም ዘወር ብለው፣

"ትርንጎ?" አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ያ ነው የከፋው።

የትርንጎ እንባ ወረደ። አባቷን መድኃኒት ያጠጣች የሚል ስም ከወጣባት በሰቆጣም በፃግብጂም በዝቋላም የሚያገባት አይኖርም፤ ፊደል እንድታስተምርለትም ልጁን የሚሰጣት የለም።

እኔ የማደርገው ግልጽ ነበር፤ ግን ዋጋው ምን እንደሆነ አየሁት። ከሰሉ ነው ብዬ ካስረዳሁ ትርንጎ ትነጻለች። ከሰሉ ነው ካልኩ ደግሞ የኔታ ልጃቸውን የሰጡኝ አእምሯቸው በእጃቸው ሳይኖር ነው፤ ስጦታው ፈረሰ። ይህን ያህል የሚጎዳኝን ትምህርት አስተምሬ አላውቅም።

"የኔታ" አልኩ። "ጠላው ንጹሕ ነው። የመረዛችሁ ከሰሉ ነው።"

"ከሰል ሰው ይመርዛል?" አሉ አቶ ረዳ። "እኔ አልበላሁትም።"

"ተንፍሰውታል። ደማችን ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ኦክስጅንን በኬሚካላዊ ትስስር..." እዚህ ላይ የሁሉንም ፊት አየሁና ቆምኩ። ያቺ ተማሪ ትዝ አለችኝ። በዚያ ዓይነት መልስ ትርንጎን ማዳን አልችልም። ዓይኔን ሳዞር አያ ካሳን አየሁ፤ ከአያ ካሳ ወዲያ ደግሞ በቅሎዋ በጋጣው በር አንገቷን አውጥታ ታየናለች።

"አያ ካሳ፣ አሞሌ ሲጭኑ በቅሎዋ ቆላ ላይ ትጫናለች፣ ሰቆጣ ላይ ታራግፋለች፤ አይደለም?"

"አዎ። ካላራገፈች ምን ዋጋ አላት።"

"በደማችን ውስጥም እንዲህ ያሉ በቅሎዎች አሉ፤ ቁጥር የላቸውም። ስንተነፍስ ሳንባ ላይ ንጹሑን አየር ይጭናሉ። እያንዳንዷ አራት ማሰሪያ አላት። ጭነቱን ይዘው አንጎልም ልብም ጡንቻም ዘንድ ይሄዱና እዚያ ያራግፋሉ። ሰው የሚያስበውና የሚቆመው በዚያ ጭነት ነው።"

"ለመጫን ያስቸግራሉ?"

"የመጀመሪያው እስኪጫን ነው። አንዱ ከታሰረ የቀሩት ይቀላሉ።"

አያ ካሳ ራሳቸውን ይዘው ቢሆንም ፈገግ አሉ። "በቅሎ መሆናቸውን አሁን አመንኩ። ታዲያ ሲመለሱ ባዷቸውን ነው? ባዶውን የሚመለስ ነጋዴ ከስሯል።"

"ባዶ አይመለሱም። ሰውነት ሠርቶበት የተረፈውን የተቃጠለ አየር ከፊሉን ይዘውት ይወጣሉ። እሱ በአራቱ ማሰሪያ አይታሰርም፤ ሌላ ቦታ አለው። እኛ ወደ ውጭ ስንተነፍስ ይጥሉታል።"

የኔታ እስካሁን ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሳይገልጡ፣ "ሰሙ በቅሎዋ ናት" አሉ። "ወርቁ ደሜ ነው። ገባኝ። ከሰሉስ?"

"ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ሌላ አየር ያወጣል። ሽታ የለውም። ይህ አየር ሳንባ ላይ ይጠብቅና ንጹሑ አየር በሚታሰርበት በዚያው ማሰሪያ ራሱን ያስራል። አስተሳሰሩ ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ይጠብቃል።"

"ማን ቆጠረው?"

"ሊቃውንት ለክተውታል፣ የኔታ። በቅሎዋ ጭነት አላት፤ ግን ማንም አይፈታውም። አንጎል ድረስ ትሄዳለች፣ ሳታራግፍ ትመለሳለች። ባንዱ ማሰሪያዋ ንጹሕ አየር ቢኖር እንኳ እሱንም አጥብቃ ይዛ አለቅም ትላለች። ገበያው ጨው ያጣል። በቅሎዎቹ ግን የተጫኑ ይመስላሉ፤ ደሙም ይቀላል። ለዚህ ነው ፊትዎ ያማረው። ለዚህም ነው የሳቁት። ለዚህም ነው..."

"ጨርሰው" አሉ የኔታ።

"ለዚህም ነው ልጅዎን የሰጡኝ።"

ትርንጎ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት አሁን ድረስ ከየትኛውም ምስክር ወረቀት ጋር አልለውጠውም።

"ስለዚህ" አሉ የኔታ በቀስታ፣ "ያን ቃል የተናገርኩት እኔ ሳልሆን ከሰሉ ነው።"

"አዎ፣ የኔታ።"

"ይህንንም ያወቅከው ጋጣ ውስጥ ተደብቀህ ስትሰማኝ ነው።"

"አዎ፣ የኔታ።"

"ካልተደበቅክ ደግሞ እኔ ሞቼ ነበር።"

አያ ካሳ ሳል አደረጉ።

የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ልጃቸው መቋሚያቸውን እንድታቀብላቸው አደረጉ። ሲቀበሏትም እጇን ያዝ አድርገው ለቀቁት፤ ይቅርታ መጠየቃቸው ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ያ ጭነት መቼ ነው የሚፈታ?"

"ንጹሕ አየር ሲበዛ ቀስ በቀስ ይለቃል። ሰዓታት ይፈጃል። እስከ ማታ አብዛኛው ይሄዳል።"

"እንግዲያው እስከዚያ የተናገርኩትም የምናገረውም አይቆጠርም። ማንም አንዳች እንዳይጠይቀኝ።"

የቀረውን ቀን እንደዚያው ግንቡ ሥር ዋልን። ዝናቡ አባርቶ ነበር። እትዬ ስንዱ ጋቢና የሞቀ አጥሚት አከፋፈሉን። የኔታ ሰው እንዳይጠይቃቸው ከለከሉ እንጂ እሳቸው መጠየቅ አላቆሙም። በጡንቻ ውስጥስ በቅሎ አለ ወይ አሉኝ። አለ፤ ግን አንድ ማሰሪያ ብቻ ያላት፣ ለክፉ ቀን ጭነቷን ይዛ የምትቆይ የቤት በቅሎ ናት፣ ሌላ ስም አላት አልኳቸው። ስሟን ጠየቁ። ማዮግሎቢን አልኳቸው። ቃሉን አፋቸው ውስጥ አገላብጠው፣ "ቤት ለመምታት ይመቻል" አሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቆመው ግቢውን አንዴ ዞሩ። መቋሚያውን ትተው አንዴ ደገሙት። "በቅሎዎቼ አራግፈዋል" አሉ። "ሽማግሎቹ ካላቸው ይናገሩ። እዚሁ፣ ደጅ ላይ።"

አያ ካሳ ተነሡ። የኔታ ግን እጃቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

"አጪ በሽማግሌ ፊት አይቆምም። ወደ ጋጣህ።"

ተመለስኩ። በቅሎዋ ቦታ ለቀቀችልኝ። ከደጅ የአያ ካሳን ድምፅ ሰማሁ፣ እንደ ወጉ፣ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ሲሉ። የኔታ አላቋረጧቸውም። እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። ከዚያ መልስ መስጠት ሲጀምሩ፣ በኽምጣንጋ ጀመሩ።

ረጅም መልስ ነበር። አንዲት ቃል አልገባኝም። መሀል ላይ አቶ ረዳ እንኳ ሳቁ። ሳቁ የምሥራች ይሁን መሳለቂያ የምለይበት መንገድ አልነበረኝም። ደጋግሜ የምሰማት አንድ የማውቃት ቃል ነበረች፤ እሷም "ከሰል" ናት።

አያ ካሳ ወደ ጋጣው መጡ። ፊታቸው እንደ ድንጋይ ነው። የበቅሎዋን ገመድ ፈቱ።

"አያ ካሳ፣ ምን አሉ?"

"በቅሎዋን ካንተ አርቃት ብለው አዘውኛል።"

ግርግሙ ላይ ተቀመጥኩ። "ሁሉንም ከለከሉኝ ማለት ነው።"

"በቅሎዋን ነው ያልኩህ" አሉ አያ ካሳ፣ አሁን ድንጋዩ ፊታቸው እየተሰነጠቀ። "የኔታ ልጅቷን እኔ ራሴ ሰጥቻለሁ፣ ራሱን በሚጎዳው ቦታ እውነት የተናገረ ሰው አማች ይሁነኝ አሉ። ያለ አእምሮዬ ያለ ቅጥ የሰጠሁት በቅሎዋን ነው፤ እሷን ከሰሉ ነው የሰጠው፣ ከፈለገ ሄዶ ከሰሉን ይጠይቅ አሉ።"

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አስተማርኩ። ሄሞግሎቢንን ሳስተምር ግን መጀመሪያ የምጽፈው ቃል አይደለም፤ በቅሎ ነው የምሥለው። አንድ ኢንስፔክተር ክፍሌ ገብቶ ሰሌዳውን አይቶ የእርሻ ክፍለ ጊዜ መስሎት ይቅርታ ጠይቆኝ ሊወጣ ነበር። ያን ቀን ያወቅሁት ይህን ነው፤ ለሚያፈቅሯት ሴት አባት፣ ራሳቸውን እያመማቸው፣ አስረድተው ያላሳመኑትን ነገር አውቀዋለሁ ማለት ያስቸግራል። እናንተም ከሰል ስታነዱ በር ክፈቱ። ለቁም ነገር ሰው ስታነጋግሩም ክፈቱት። በተዘጋ ቤት የተባለልኝ እሺታ ከአንድ ቀን አላለፈም፤ ደጅ ላይ የተባለው ግን ይኸው ትርንጎን ይዞልኛል።

የኔታ በቅሎዋን ከዚያ ቀን ጀምሮ "ግሎቢን" ብለው ይጠሯት ነበር። ሰቆጣም አብሮ ጠራት። ሲያረጁና ብቻቸውን መጋለብ ሲያቅታቸው ልጓሟን ይዤ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳቸው እኔ ሆንኩ። አንድ ቅዝቃዜ የበዛበት ቀን፣ ቤታቸው ተቀምጠን፣ እስኪ አሁንስ ብዬ ሞከርኳቸው።

"የኔታ፣ እንግዲህ እርስዎ መጋለቡን እየተዉት ነው። ያቺን በቅሎ ለኔ ቢሰጡኝስ?"

ዓይናቸው ደክሞ ነበርና ፊታቸውን ወደ ደጁ አዞሩ።

"በሩ ክፍት ነው?"

"ክፍት ነው፣ የኔታ።"

"እንግዲያው አልሰጥም" አሉ።